ባክቴሪያ ዲኤንኤ ሲወስድ በገዛ ፕሌታችሁ ላይ ለማየት

ባክቴሪያ ከአካባቢው የባዕድ ዲኤንኤ አንስቶ የራሱ ያደርጋል። ይህን ባዮሎጂ የተማረ ሁሉ ሰምቷል፣ ሸምድዶም ፈተና ላይ ጽፎታል። በዓይኑ ያየው ግን ጥቂት ነው። ይሄ ነገር ያበሳጨኛል። ሙከራው ኪት አይፈልግም፣ ፒሲአር ማሽንም አይፈልግም። ኢንኩቤተር፣ የውሃ ባዝ፣ ፒፔት፣ ትንሽ ሴንትሪፊውጅ፣ ጥቂት ጨዎች እና ትክክለኛው ባክቴሪያ ካሉ ይሠራል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ለዲግሪ ተማሪዎች የላብ ትምህርት እሰጣለሁ። ከታች ያለው እዚያ የምንሠራበት መንገድ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ። ኮሎኒ፣ ማለትም ፕሌት (ሚዲያ የረጋበት ሳህን) ላይ ከአንድ ሴል ተባዝቶ በዓይን የሚታይ ክምር፣ ማግኘት ቀላል ነው። ከባዱ ነገር፣ ያ ኮሎኒ በእርግጥ ዲኤንኤ ወስዶ የተለወጠ መሆኑን ማሳየት ነው። ስለዚህ ስለ ኮንትሮል፣ ማለትም ለማነጻጸሪያ ጎን ለጎን ስለሚሠራው ሙከራ፣ ብዙ ብነዘንዛችሁ አትገረሙ።

የትኛው ባክቴሪያ?

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ኢ. ኮላይን ነው፣ ፍሪዘር ውስጥ ስላለ። ኢ. ኮላይ ግን በተለመደው የላብ አያያዝ በራሱ ጊዜ ዲኤንኤ አይወስድም። በ1970 ማንዴል እና ሂጋ በካልሲየም ክሎራይድ አስገድደው የፋጅ፣ ማለትም ባክቴሪያ የሚያጠቃ ቫይረስ፣ ዲኤንኤ አስገቡበት። ዛሬም ፕላዝሚድ የሚባለውን ትንሽ ክብ ዲኤንኤ የምናስገባው ከዚያ በመጣ ዘዴ ነው። ለክሎኒንግ ግሩም ነው። አፈር ውስጥ ወይም ሰው ጉሮሮ ውስጥ የሚሆነውን ግን አያሳያችሁም።

ባሲለስ ሰብቲሊስ ይሻላል። ስፒዛይዘን በ1958 ባሲለስ ዲኤንኤ እንደሚወስድ ያሳየው 168 በሚባለው፣ ትሪፕቶፋን የሚባለውን አሚኖ አሲድ መሥራት በማይችለው ዝርያ ነው። ጣጣው፣ ባሲለስ የሚዘጋጀው ሲራብ ነው። ሰዓቱንና ሚዲያውን (የሚያድግበትን ምግብ) ካልጠበቃችሁለት ያኮርፋል። ቢዘጋጅም ከሴሎቹ ጥቂቱ ብቻ ነው።

የእኔ ምርጫ አሲኔቶባክተር ቤይሊ ነው፣ ኤዲፒ1 የሚባለው ዝርያ። መነሻው ከአፈር ነው። ኤሊዮት ጁኒ እና ጃኒክ በ1969 ዲኤንኤ እንዴት በቀላሉ እንደሚወስድ አሳዩ። ያኔ ስሙ ቢዲ413 ነበር። ጂኖሙ፣ ማለትም ጠቅላላ ዲኤንኤው፣ በ2004 ተነበበ፤ 3.6 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደል ገደማ ነው። ይሄ ባክቴሪያ ልመና አያስፈልገውም። አዲስ ሚዲያ ውስጥ ገብቶ ማደግ ሲጀምር ዲኤንኤ መውሰድም ይጀምራል። የማን ዲኤንኤ እንደሆነ አይጠይቅም።

ሆስፒታል ውስጥ የሚያስቸግረው አሲኔቶባክተር ባውማኒ ሌላ ነው። ዘመዳሞች ናቸው፣ አንድ ግን አይደሉም። ለተማሪ ላብ ባውማኒን አትንኩ። ቤይሊ ለጤነኛ ሰው አስጊ ተብሎ አይታወቅም። ቢሆንም ጓንት አይቀርም፣ ላብ ውስጥ መብላትና መጠጣት አይፈቀድም። የሰውነት መከላከያው የደከመ ተማሪ ካለ ዳታውን እንዲቆጥር እንጂ ባክቴሪያውን እንዲነካ አላደርግም።

የሚያስፈልጉት ሁለት ዝርያዎች ናቸው። አንዱ ጤነኛው ኤዲፒ1፣ ሌላው ትሪፕቶፋን የሚሠራበት ጂን ላይ አንድ ቦታ የተበላሸበት ሚውታንት። ጁኒ ራሱ የተጠቀመው እንዲህ ዓይነቱን ነበር። ሚውታንቱ ትሪፕቶፋን በሌለበት ሚዲያ ላይ አያድግም። የጤነኛውን ዲኤንኤ ወስዶ ጂኑን ካስተካከለ ያድጋል። በቃ፣ ሙከራው ይሄው ነው።

ብዙ የላብ ማኑዋል ለዚህ የአንቲባዮቲክ መቋቋሚያ ጂን ይጠቀማል። እኔ አልወደውም። ዲኤንኤ በመውሰድ የሚታወቅ ባክቴሪያ ይዘን፣ የመቋቋሚያ ጂን እያደልን፣ ቆሻሻ ማስወገጃው ሁልጊዜ አስተማማኝ ባልሆነበት ላብ ውስጥ መሥራት አስፈላጊ አይደለም። በትሪፕቶፋን የሚታየው ነገር ያው ነው፤ አንቲባዮቲክ መግዛትም አይጠበቅባችሁም።

ሚዲያ፣ እና የአዲስ አበባ አውቶክሌቭ

ሁለት ሚዲያ ታዘጋጃላችሁ። ኤልቢ፣ ሁሉም ምግብ ያለበት የተለመደው ሚዲያ፣ የታወቀ ነው፣ አልፈዋለሁ። ሌላው ኤም9 የሚባለው፣ ትሪፕቶፋን የሌለበት ሚኒማል ሚዲያ ነው። ለአንድ ሊትር 6 ግራም ዳይሶዲየም ፎስፌት፣ 3 ግራም ሞኖፖታሲየም ፎስፌት፣ 0.5 ግራም የገበታ ጨው ዓይነቱ ሶዲየም ክሎራይድ፣ 1 ግራም አሞኒየም ክሎራይድ፣ 15 ግራም አጋር። ፎስፌቱንና አጋሩን በየብቻቸው በእጥፍ አወፍራችሁ አውቶክሌቭ አድርጉና (በእንፋሎት ግፊት አጽዱና) በኋላ አዋህዷቸው። አብረው ከተቀቀሉ ሚዲያው ይደፈርሳል።

ለምግብነት ግሉኮስ አትጨምሩ። ኢ. ኮላይ ላይ የለመደ እጅ ወደ ግሉኮስ ይሄዳል፤ ኤዲፒ1 ግን በግሉኮስ ላይ ዝግ ይላል። ሶዲየም ሰክሲኔት ይወዳል። ውሃ የሌለበት ከሆነ 3.2 ግራም፣ ባለ ስድስት ውሃው ከሆነ 5.4 ግራም ለአንድ ሊትር ይበቃዋል። ጠርሙሱ ላይ የትኛው እንደሆነ አንብቡ። ማግኒዥየም ሰልፌት እስከ 1 ሚሊሞላር፣ ካልሲየም ክሎራይድ እስከ 0.1 ሚሊሞላር። እነዚህን በመጨረሻ፣ ሚዲያው እጅ ላይ ሊያዝ በሚችል ሙቀት ሲደርስ ጨምሩ። በትኩሱ ከጨመራችሁት ነጭ ዝቃጭ ይሠራና ካልሲየሙ ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

አሁን ስለ አውቶክሌቭ። ማኑዋል ሁሉ የሚለው 15 ፒኤስአይ፣ 121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ ነው። ይህ የባሕር ጠረፍ ሒሳብ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ላይ ናት። የውጭው አየር ግፊት ቀላል ስለሆነ ጌጁ 15 ሲያሳይ ውስጡ ያለው ሙቀት 117 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። አውቶክሌቫችሁ ሙቀት የሚለካ ከሆነ ሙቀቱን እመኑ። በጌጅ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ በተለይ ያ ምድጃ ላይ የሚጣደው የድሮ ዓይነት፣ አምራቹ እስከፈቀደው ድረስ ግፊቱን ከፍ አድርጉ። ካልሆነም ጊዜውን አስረዝሙ። እኔ ግማሽ ሰዓት እተወዋለሁ። የጸዳ ለመሆኑ ማረጋገጫው፣ ምንም ያልተዘራበት ፕሌት ከሌሎቹ ጋር ኢንኩቤተር ውስጥ አድሮ ባዶ መገኘቱ ነው።

የጤነኛውን ዲኤንኤ ማውጣት

እዚህ ላይ ነው ሰው ኪት መፈለግ የሚጀምረው። አያስፈልግም። የጁኒ ዘዴ እጅግ ቀላል ነው። 0.15 ሞላር ሶዲየም ክሎራይድ፣ 0.015 ሞላር ሶዲየም ሲትሬት እና 0.05 በመቶ ኤስዲኤስ ያለበት ፈሳሽ አዘጋጁ። ኤስዲኤስ ሳሙና ነው፣ የሴሉን ሽፋን ይፈታል። ኤልቢ ፕሌት ላይ ያደረውን ጤነኛ ኤዲፒ1 በሉፕ፣ በባለ ቀለበት ሽቦዋ፣ ሙሉ አድርጋችሁ አንሱና ግማሽ ሚሊ ሊትር ፈሳሹ ውስጥ በትኑት። 60 ዲግሪ የውሃ ባዝ ውስጥ አንድ ሰዓት ይቆይ። ሲወጣ ፈሳሹ ይለግጋል፤ በፒፔት ስትስቡት ይጎተታል። ያ ልጋግ ዲኤንኤው ነው። ይህን ፈሳሽ ላይሴት እንለዋለን።

ማፍላት ይፈጥናል ብላችሁ እንዳታፈሉት። የኤዲፒ1 ዲኤንኤ በዚህ ጨው ውስጥ 86 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሁለቱ ክሮቹ ይለያያሉ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ወይም 93 ዲግሪ ነው፣ ለዚያ ከበቂ በላይ ነው። የተነጣጠለ ክር ደግሞ ለዚህ ሥራ ደካማ ነው። 60 ዲግሪ ሴሉን ይገድላል፣ ዲኤንኤውን ግን አይነካውም።

ላይሴቱ ውስጥ በሕይወት የተረፈ አንድም ጤነኛ ሴል መኖር የለበትም። አንድ ከተረፈ ሚኒማል ፕሌቱ ላይ ያድጋል፣ እናንተም ሚውታንቱ ተለወጠ ብላችሁ ታጨበጭባላችሁ። ስለዚህ 50 ማይክሮ ሊትር ኤልቢ ፕሌት ላይ አፍስሱና አሳድሩት። አንድ ኮሎኒ እንኳ ከወጣ ላይሴቱን መልሳችሁ 60 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት አቆዩትና እንደገና ፈትሹ። ባዶ ሆኖ ካደረ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት።

በተመሳሳይ መንገድ ሁለት ሌላ ላይሴት ሥሩ፦ አንዱን ከራሱ ከሚውታንቱ፣ ሌላውን ከኢ. ኮላይ። ለምን እንደሆነ አሁን እመጣበታለሁ።

ስድስቱ ቲዩቦች

ሚውታንቱን ማታ ኤልቢ ውስጥ ዝሩትና 30 ዲግሪ ላይ እየተናጠ ይደር። ጠዋት እያንዳንዱ ቲዩብ ውስጥ 1 ሚሊ ሊትር አዲስ ኤልቢና 70 ማይክሮ ሊትር ካደረው ባክቴሪያ ጨምሩ።

ላይሴቶቹን ደግሞ 10 ሚሊሞላር ማግኒዥየም ክሎራይድ ባለበት 0.85 በመቶ የጨው ውሃ አሥር እጥፍ አቅጥኗቸው። ይህቺ ማቅጠን እንደ ትንሽ ነገር ትታያለች፣ ግን አትዝለሏት። ዲኤንኤዝ የተባለው ዲኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይም ያለ ማግኒዥየም አይሠራም። ላይሴቱ ውስጥ ያለው ሲትሬት ደግሞ ማግኒዥየምን ጠፍንጎ ይይዛል፣ ኤስዲኤሱም ኢንዛይሙን ያዳክማል። ላይሴቱ ሳይቀጥን ዲኤንኤዝ ብትጨምሩበት ኢንዛይሙ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥና ኮሎኒው ይወጣል። ከዚያ ተማሪው “ለካ የሚለውጠው ዲኤንኤ አይደለም” ብሎ ሪፖርት ይጽፋል።

አሁን ቲዩቦቹ። በመጀመሪያው ምንም ላይሴት አይገባም፣ የጨው ውሃ ብቻ። በሁለተኛው 100 ማይክሮ ሊትር የጤነኛው ላይሴት። በሦስተኛው ያው ላይሴት፣ ግን ቀደም ብሎ በዲኤንኤዝ 37 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት የቆየ፤ መጠኑ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ማይክሮ ግራም። ሌሎቹም ላይሴቶች ያለ ኢንዛይም እዚያው 37 ዲግሪ ላይ ይቆዩ፤ አለዚያ ልዩነቱ ከኢንዛይሙ ይሁን ከሙቀቱ አይለይም። በአራተኛው የሚውታንቱ የራሱ ላይሴት። በአምስተኛው የኢ. ኮላይ ላይሴት። ስድስተኛው ውስጥ ባክቴሪያ የለም፤ ኤልቢና የጤነኛው ላይሴት ብቻ ነው።

የሦስተኛው ቲዩብ ታሪክ ረጅም ነው። ፍሬድሪክ ግሪፊዝ በ1928 ለንደን ውስጥ የሞተ ገዳይ ኒሞኮከስን (የሳንባ ምች ባክቴሪያ) እና በሕይወት ያለ የማይገድለውን ቀላቅሎ አይጦችን ወጋቸው። አይጦቹ ሞቱ፤ ከደማቸውም በሕይወት ያለ ገዳይ ባክቴሪያ ተገኘ። ከሙታኑ ወደ ሕያዋኑ የተላለፈው ምንድን ነው? ኦስዋልድ ኤቨሪ፣ ኮሊን ማክላውድ እና ማክሊን ማካርቲ ኒው ዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ኢንስቲትዩት ለዓመታት ለፍተው በ1944 ዲኤንኤ ነው አሉ። ፕሮቲን የሚፈጨውን ኢንዛይም ሲጨምሩ ለውጡ አልቆመም። ዲኤንኤ የሚያፈርስ ኢንዛይም ያለበትን ሲጨምሩ ቆመ። እናንተ በሦስተኛው ቲዩብ የምትደግሙት ይህንኑ ነው። እኔ ይህን ታሪክ የምነግራቸው ተማሪዎቹ ግማሽ ሰዓቱን እየጠበቁ ስልካቸውን ማየት ሲጀምሩ ነው።

ስድስቱም 30 ዲግሪ ላይ ሦስት ሰዓት እየተናጡ ይቆዩ። ሼከር ከሌለ በየአሥር ደቂቃው በእጅ አናውጧቸው፣ ይሠራል። መብራት ቢሄድም አትደንግጡ። ኤዲፒ1 በክፍል ሙቀትም ያድጋል፣ ቀስ ይላል እንጂ። ለሁሉም ጊዜውን እኩል አስረዝሙና ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት።

ከዚያ ማጠብ። ኤልቢ በትሪፕቶፋን የተሞላ ነው፤ ሳይታጠብ ሚኒማል ፕሌት ላይ ቢፈስ ሚውታንቱ በዚያ ፍርፋሪ ያድግና ፕሌቱ ላይ ስስ ጉም ይሠራል። በሴንትሪፊውጅ አስቀምጡ፣ ከላይ ያለውን ድፉ፣ በጨው ውሃ በትኑ። ሁለቴ። ከዚያ በየአሥር እጥፉ እያቀጠናችሁ፣ ከእያንዳንዱ 0.1 ሚሊ ሊትር አፍስሱ። ሚኒማል ላይ ካልቀጠነው እስከ ሺህ እጥፍ የቀጠነው፣ ኤልቢ ላይ 100,000 እና ሚሊዮን እጥፍ የቀጠነው። የኤልቢው በማግስቱ ይቆጠራል። ለሚኒማሉ ሁለት ቀን ስጡት።

መቁጠርና ማመን

ሒሳቡን በምሳሌ ላሳያችሁ። ሁለተኛው ቲዩብ ሺህ እጥፍ የቀጠነበት ሚኒማል ፕሌት 84 ኮሎኒ አለው እንበል። 84 በ1,000 ተባዝቶ፣ የፈሰሰው 0.1 ሚሊ ሊትር ስለሆነ እንደገና በ10 ሲባዛ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 840,000 የተለወጡ ሴሎች ይሆናል። ሚሊዮን እጥፍ የቀጠነበት ኤልቢ ፕሌት ደግሞ 112 ካለው ጠቅላላው 1.12 ቢሊዮን ነው። አካፍሉት፤ ከ1,300 ሴል ገደማ አንዱ ተለውጧል ማለት ነው። ለኤዲፒ1 ከዚህ የሻለም ይገኛል፤ ነገር ግን ለመማሪያ ይሄ ከበቂ በላይ ነው።

የመጀመሪያው ቲዩብ ሁልጊዜ ዜሮ አይሆንም። የተበላሸችው ፊደል አልፎ አልፎ በአጋጣሚ ራሷን ታርማለች፤ ካልቀጠነው ፕሌት ላይ ጥቂት ኮሎኒ ብታዩ ከዚያ ነው። የሁለተኛው ቁጥር ከዚህ በሺህ እጥፍ መብለጥ አለበት። ሦስተኛውና አራተኛው እንደ መጀመሪያው ከሆኑ ደስ ይበላችሁ። አራተኛው የሚነግራችሁ፣ ለውጡ የመጣው ላይሴቱ ውስጥ ካለው ሳሙና ወይም ከሞተ ሴል ምግብነት እንዳልሆነ ነው። ስድስተኛው ላይ አንድም ኮሎኒ ከወጣ ግን የዕለቱ ውጤት በሙሉ ዋጋ የለውም። ላይሴቱ ሕያው ነው። ይሄን ስል ተማሪዎች ፊታቸው ይጠቁራል፣ ግን ድርድር የለም።

አምስተኛው ቲዩብ የእኔ ተወዳጅ ነው። ኢ. ኮላይም ትሪፕቶፋን የሚሠራ ጤነኛ ጂን አለው። ኤዲፒ1ም ዲኤንኤ አይመርጥም፣ ይስባል። ታዲያ ኮሎኒ ለምን አይወጣም? ይገባል እኮ። ግን አይቀመጥም። ቤት የገባ እንግዳ ሁሉ ቤተሰብ አይሆንም። የገባው ዲኤንኤ የባክቴሪያው ጂኖም ላይ የሚመሳሰለው ቦታ ካላገኘ ተቆራርጦ ምግብ ይሆናል። መግባቱን ማሳየት ከፈለጋችሁ የጤነኛውን ላይሴትና ብዙ የኢ. ኮላይ ላይሴት አብራችሁ ስጡት። የኮሎኒው ቁጥር ይወርዳል፤ ሁለቱ በአንድ በር እየተጋፉ ነውና።

ውስጡ ምን ሆነ?

ባክቴሪያው ፒለስ የሚባል ቀጭን ክር ወደ ውጭ ይዘረጋል። ክሩ ዲኤንኤ ሲነካ ይይዝና ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። በ2018 በአሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የዳሊያ ላብ ይህን በኮሌራ ባክቴሪያ ላይ በማይክሮስኮፕ ቀርጾ አሳይቷል። ክሩ ሲወጣ፣ ዲኤንኤውን ጫፉ ላይ ሲይዝ፣ ሲጎትት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ በውስጠኛው ሽፋን ላይ ያለ ኮምኢሲ የሚባል ቀዳዳ ከሁለቱ ክሮች አንዱን ብቻ ያሳልፋል። ሌላው ይፈርሳል። የገባውን ነጠላ ክር ሬክኤ የተባለው ፕሮቲን ይሸፍነውና ጂኖሙ ላይ መሳዩን ፍለጋ ይዞት ይሄዳል። ካገኘ የድሮው ክር ይነሳና አዲሱ በቦታው ይገባል።

ሁሉም ባክቴሪያ እንደ ኤዲፒ1 ያገኘውን አይስብም። ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ 9 ፊደል ያላት ምልክት ያለችበትን ዲኤንኤ ይመርጣል። በራሱ ጂኖም ላይ ይህቺ ምልክት 1,465 ጊዜ ትገኛለች፤ ስለዚህ በተግባር የሚወስደው የዘመዶቹን ነው። ኒሞኮከስ በኬሚካል ምልክት እየተጠራሩ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ በሩን ይከፍታል። የኮሌራ ባክቴሪያ ደግሞ ካይቲን፣ ማለትም የባሕር ሸርጣን ቅርፊት ላይ ሲሰፍር ይነሳሳል። በዚያው ሰዓት ጎረቤቱን ወግቶ ይገድልና የፈሰሰውን ዲኤንኤ ይወስዳል። ስዊዘርላንድ ያለው የብሎኬሽ ላብ በዚህ መንገድ ከ150,000 ፊደል በላይ የሆነ ቁራጭ በአንዴ እንደሚተላለፍ አሳይቷል።

የኤዲፒ1 አለመምረጥ እስከ የት ይሄዳል ካላችሁ፣ በ2013 የወጣ የዴንማርክ ተመራማሪዎች ሥራ አለ። 43,000 ዓመት ከሆነው የማሞዝ አጥንት የተገኘ የተሰባበረ ዲኤንኤ ሰጡት። ወስዶ ጂኖሙ ውስጥ አስገባው። 20 ፊደል ያህል ብቻ ያላት ቁራጭ እንኳ አሻራ ትተዋለች። አፈር ውስጥ ያለው የሞተ ነገር ሁሉ ለእሱ ገበያ ነው።

ጂኖሙ ላይ የሚቀረው

እናንተ ፕሌት ላይ ያገኛችሁት ለውጥ አንድ ፊደል ነው። ትሪፕቶፋን ጂኑን ሴኩዌንስ ብታስደርጉ የምታዩት የተበላሸችው ፊደል መታረሟን ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ሰጪውና ተቀባዩ ከዚያች በስተቀር አንድ ናቸው። ከዲኤንኤው ስንት ሺህ ፊደል አብሮ እንደገባ አይታይም፤ አዲሱ ከድሮው አይለይም።

ሰጪው ትንሽ የተለየ ዘመድ ሲሆን ነው ነገሩ የሚታየው። የሁለት ባክቴሪያ ጂኖም ጎን ለጎን አስቀምጡ። ልዩነቶቹ እዚህም እዚያም ተበታትነው አንድ አንድ ከሆኑ በጊዜ የመጡ ስህተቶች ናቸው። ረጅም ርቀት ምንም ልዩነት ሳይኖር ሄዶ ድንገት በጥቂት ሺህ ፊደል ውስጥ መቶ ልዩነት ከተከመረ፣ ያ ቁራጭ ከውጭ የገባ ነው። ጫፎቹም ድንገት ይቆማሉ። ከሩቅ ዘር የመጣ ከሆነ ደግሞ ከአራቱ የዲኤንኤ ፊደላት ሁለቱ የሆኑት የጂ (G) እና የሲ (C) መጠን ከአካባቢው ይለያል። የኤዲፒ1 ጂኖም 40 በመቶ ገደማ ጂና ሲ ነው፤ መሐሉ ላይ 30 ወይም 55 የሚያሳይ ሰፈር ካያችሁ ከየት መጣህ ብላችሁ ጠይቁት።

ኒሞኮከስ ለዚህ ከሁሉ ጥሩ ማሳያ ነው። ፔኒሲሊን የሚነካቸው ፕሮቲኖቹ ጂኖች ብዙ ቦታ የተጣጣፉ ናቸው፤ ቁራጮቹ የመጡት አፍ ውስጥ ከሚኖሩት ከስትሬፕቶኮከስ ማይቲስና ከመሰሎቹ ነው። በ2011 ክራውቸርና ባልደረቦቹ ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ የአንድ ዘር 240 ናሙናዎች አንብበው ከ700 በላይ እንዲህ ያሉ ቅይይሮች አገኙ። ከእነዚህ 10 ያህሉ የባክቴሪያውን ካፕሱል፣ ማለትም ክትባቱ የሚያነጣጥርበትን ልባስ፣ የቀየሩ ናቸው። 19ኤ የሚባለውን ልባስ የለበሰው በወቅቱ ከነበረው ክትባት አመለጠ። እኛ አገር የኒሞኮከስ ክትባት በ2011 የገባው አሥር ዓይነት ልባሶችን በሚሸፍነው ነበር፤ 19ኤ ከአሥሩ ውስጥ የለም። ናሙና እየሰበሰቡ የልባሱን ዓይነት መከታተል ለምን እንደሚያስፈልግ ተማሪ ሲጠይቀኝ ወደዚህ ጥናት እመራዋለሁ።

ጭራሽ አዲስ ጂን መግባት ከዚህ ይከብዳል፣ መሳዩ ቦታ የለማ። መንገዱ ግን አለ። ደ ፍሪስ እና ቫከርናገል በ2002 በዚሁ ባክቴሪያ እንዳሳዩት፣ የባዕዱ ዲኤንኤ አንድ ጎን ብቻ ከጂኖሙ ጋር ከተመሳሰለ በዚያ ይያዝና ቀሪው ተጎትቶ ይገባል። የመግባት ዕድሉ 100,000 እጥፍ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ አምስተኛው ቲዩብ ባዶ የሆነው የማይቻል ስለሆነ አይደለም፣ በአንድ ፕሌት ለማየት በጣም ብርቅ ስለሆነ ነው። ይህን ልዩነት ሪፖርት ላይ በትክክል የጻፈ ተማሪ ከእኔ ጥሩ ማርክ ያገኛል።

ዘሩን እንዳታበላሹት

ብዙ ላብ ባክቴሪያውን ከፕሌት ወደ ፕሌት እያዘዋወረ ዓመት ያቆያል። ኤዲፒ1ን እንዲህ አታድርጉት። በውስጡ አይኤስ1236 የሚባል ቦታ እየቀያየረ የሚዘል የዲኤንኤ ቁራጭ አለ። በ2015 ሬንዳ እና ባሪክ ኤዲፒ1ን ላብ ውስጥ 1,000 ትውልድ ያህል ሲያሳድጉት በርካታ መስመሮች ዲኤንኤ መውሰዳቸውን አቆሙ። ምቾት ባለበት ኤልቢ ውስጥ ያ ችሎታ አያስፈልግማ። ዘላዩ ቁራጭም ከጥፋተኞቹ አንዱ ነበር። እዚያው ባሪክ ላብ በኋላ ይህን ቁራጭ ጠቅላላ ያወጡበት ዝርያ ሠሩ፤ ማግኘት ከቻላችሁ እሱን ውሰዱ።

ካልሆነ ባክቴሪያው በመጣላችሁ ቀን ብዙ ትናንሽ ቲዩቦች ውስጥ ከ15 እስከ 20 በመቶ ግሊሰሮል ጨምራችሁ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ አስቀምጡ። ያለው ተራ ፍሪዘር ብቻ ከሆነ ይኖራል፣ ዕድሜው ግን ያጥራል፤ መብራት በሄደ ቁጥርም ይሟሟል። ቲዩቦቹን በሁለት የተለያዩ ፍሪዘሮች ክፈሏቸው። ለእያንዳንዱ ሙከራ አንድ ቲዩብ ክፈቱ፣ የተረፈውን መልሳችሁ አታቀዝቅዙ።

ፕሌቶቹና ቲዩቦቹ ሁሉ ከመጣላቸው በፊት አውቶክሌቭ ይግቡ። ጠረጴዛው በበረኪና ይጠረግ። ላይሴቱ ሕይወት ስለሌለው ብቻ ሲንክ ውስጥ የሚደፋ ተማሪ አይጠፋም። እሱም ከሌላው ጋር አውቶክሌቭ ይግባ።

ሴሚስተር ሲጀመር ደግሞ ሙሉውን ከመሥራታችሁ በፊት ፈጣን ፍተሻ አለ። ኤልቢ ፕሌት ላይ ሚውታንቱን በትንሹ ቀቡ፣ በላዩ አንድ ጠብታ ያልቀጠነ ላይሴት ጣል አድርጉ፣ ከጎኑ ላይሴት የሌለበት ሌላ ቅብ ይኑር። 30 ዲግሪ አሳድሩት። በማግስቱ ከሁለቱም በሉፕ ነክታችሁ ሚኒማል ፕሌት ላይ ጫሩ። በሁለት ቀን ውስጥ ላይሴት ያገኘው ጭረት ኮሎኒ ካወጣና ሌላው ባዶ ከሆነ ዘራችሁ ደህና ነው፣ ተማሪዎቹን ጥሩ።